ደጋን፦ ከታሪካችን የተዘለለው መሣሪያ

ስለ ቀደምት አባቶቻችን የጦርና የአደን መሣሪያ ሲነሣ በአብዛኞቻችን ኅሊና የሚሣለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ጋሻና ጦር፣ ጎራዴና ሾተል፣ ከዚያም ወዲህ ጠመንጃ። የዐድዋን ድል የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ይህንኑ ይደግማሉ። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው በጦር ነው። ፎካሪውም በአደባባይ ዘራፍ ሲል የሚያወሳው ጦሩንና ጠመንጃውን ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ደጋንና ፍላጻ ብቅ የሚሉት እምብዛም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀስት የሌላ አገር ሰዎች መሣሪያ እንጂ የእኛ አልነበረም ብሎ የሚደመድም ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ይሁንና ድምዳሜው ከእውነት የራቀ ነው። ደጋን በዚህ ምድር ላይ ከጎራዴ የማያንስ ዕድሜ አለው። የጠፋው ከአዳኙ እጅ ሳይሆን ከተራኪው አንደበት ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደነበረ፣ ለአደን እንዴት ይሰናዳ እንደነበረና በመጨረሻም ከታሪካችን ገጽ ስለ ምን እንደተዘለለ ለማመልከት ይሞክራል።

የመጀመሪያውን ምስክርነት የሚሰጠን ቋንቋው ራሱ ነው። በእጁ ያልያዘውን መሣሪያ ክፍል በክፍል እየለየ ስም የሚያወጣ ሕዝብ የለም። ግእዝ ደጋኑን ቀስት፣ ፍላጻውን ሐጽ፣ የፍላጻውን ማኅደር ምጕንጳ ይላል፤ ደጋኑን ገትሮ ማሰናዳትን ደግሞ ወሰቀ በሚለው ግስ ለይቶ ይጠራዋል። ነደፈ የሚለው ግስ በግእዝ በፍላጻ መውጋትን ያመለክታል። ይኸው ግስ ወደ አማርኛ ሲሻገር ንብ የምትነድፍበት፣ ጥጥም የሚነደፍበት ቃል ሆኗል። እነዚህ ቃላት ከመጻሕፍት ትርጉም ጋር የገቡ ናቸው እንጂ የኑሮ ምስክር አይደሉም የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ጥጥ የምትነድፈው ባልቴት ቃሉን ከመዝሙረ ዳዊት አልተማረችውም፤ መሣሪያዋንም ደጋን ብላ የምትጠራው ደጋን ስለ ሆነ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ኋላ እንመለስበታለን።

ከቋንቋ ወደ ድንጋይ ስንሸጋገር ዘመኑ እጅግ ወደ ኋላ ይርቃል። በምዕራብ ጎንደር በመተማ አካባቢ፣ የዓባይ ገባር በሆነው በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ተመራማሪዎች የጥንት ሰዎች ሰፍረውበት የነበረ ሥፍራ ቆፍረዋል። ውጤቱም በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ሥፍራው 74,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው የታወቀው በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ ተጉዘው እዚያ የረገፉ፣ በዐይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች በአፈሩ ውስጥ በመገኘታቸው ነው። ከዓሣና ከአራዊት አጥንት ጋር የተገኙት ጥቃቅን ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ሹሎች የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተመራማሪዎቹ ገልጠዋል። እንጨቱና ጅማቱ በስብሶ ጠፍቷልና ደጋኑን ራሱን ማየት አይቻልም። የሹሎቹ መጠንና ቅርጽ ግን ለጦር ዘንግ የሚስማማ አይደለም። ግምቱ ከጸና፣ ሰው ቀስት መያዙን ከሚያመለክቱ በዓለም ላይ ከታወቁ እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በዚህ ወንዝ ዳር ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለው የጽሑፍ ዘመን ከግብጽ በስተደቡብ ያለው አገር በቀስቱ የታወቀ ነበር። ግብጻውያን ኑብያን ታ-ሴቲ፣ የቀስት ምድር፣ ይሉት ነበር። በአስዩት በመሰህቲ መቃብር ውስጥ የተገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት አካባቢ የተሠራው የእንጨት ቅርጽ 40 የኑብያ ቀስተኞችን በአራት ረድፍ ሲራመዱ ያሳያል። ግሪካዊው ሄሮዶቱስም በዘመኑ ኢትዮጵያ ተብሎ ይጠራ ስለነበረው ስለዚሁ የደቡብ አገር ሲተርክ፣ ንጉሡ ለፋርሱ ገዥ ለካምቢሴስ መልእክተኞች አንድ ትልቅ ደጋን ሰጥቶ፣ ፋርሳውያን ይህን የሚያህለውን ደጋን እንደ እኛ በቀላሉ መሳብ የቻሉ ዕለት ያን ጊዜ ይዝመቱብን ብሎ እንደላከባቸው ጽፏል። ታሪኩ አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ጎረቤቶቹ ያንን ሕዝብ በምን ያስታውሱት እንደነበረ ያመለክታል።

ወደ ራሳችን ድንበር ስንመለስ ሁለት ዓይነት ደጋኖች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው በሰሜን ምዕራብ ቆላ የነበረው ረጅም ደጋን ነው። ከ1769 እስከ 1772 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተዘዋወረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ደገኛው በንቀት ስም ይጠራቸው ስለነበሩት የዚያ ቆላ አዳኞች ሲጽፍ ደጋናቸው ሰባት ጫማ ያህል እንደሚረዝም፣ ሕፃናቱም ከልጅነታቸው ጀምረው ያንኑ የአዋቂ ደጋን ስለሚይዙ፣ ቁመታቸው እስኪደርስ ድረስ አግድም ይዘው እንደሚያስፈነጥሩበት ይገልጣል። አዳኙ አውሬ በገደለ ቁጥር ከቆዳው ቀዳድ እየቆረጠ በደጋኑ ላይ ይጠመጥምበት ነበር። ብዙ የገደለ ሰው ደጋን በቀዳድ ብዛት ደንድኖ መታጠፍ እምቢ ይላል። የጀግንነቱ ማስረጃ መሣሪያውን ከሥራ ያወጣዋል ማለት ነው። ደገኛው ገዳይ ዝናውን በፉከራ ሲያሰማ ቆለኛው አዳኝ በደጋኑ ላይ ይጽፈው ነበር።

ሁለተኛው በምሥራቁ ቆላ፣ በሶማሌ ሕዝብ መካከል፣ ገቦዬ የሚባሉት አዳኞች ይይዙት የነበረው አጭር ደጋን ነው። ገቦዬ የሚለው ስም ራሱ የፍላጻ ሰገባ ማለት ነው፤ ሰዎቹ በመሣሪያቸው ተጠርተዋል። ይህ ደጋን እንደ ምዕራቡ አንድ ወጥ ቅስት ሳይሆን መሐሉ ወደ ውስጥ ገባ፣ ክንፎቹ ወደ ፊት ወጣ፣ ጫፎቹ ደግሞ ቀልበስ ያሉ ናቸው። ቅልብስ ደጋን ብለን ብንጠራው ያስኬዳል። በእስያ ፈረሰኞች እጅ የነበረውና ቀንድን በሆዱ፣ እንጨትን በመካከሉ፣ ጅማትን በጀርባው በሙጫ አጣብቀው የሚሠሩት ውስብስብ ደጋን በቅርጽ የዚሁ ወገን ነው። ያኛው ግን በእኛ ደጋ ሥር ሰድዶ አልታየም። ቀንዱም ጅማቱም ሞልቶን ሳለ ይህ የሆነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምት ለሙጫ ጠላት በመሆኑ ይመስለኛል።

ቅልብስ ደጋን ከቀጥተኛው የሚለይበትን ምክንያት መረዳት የአሰነዳዱን ሥርዓት ለመረዳት ቁልፍ ነው። ደጋን በመሠረቱ የጉልበት ማከማቻ ነው። ክንድ ቀስ ብሎ የሚያወጣውን ጉልበት ክንፎቹ እየተለጠጡ ይቀበሉታል፤ አውታሩ ሲለቀቅም ያንኑ ጉልበት በቅጽበት ለፍላጻው ያስረክቡታል። ቀጥተኛው ደጋን ሲሳብ መጀመሪያ ላይ ልል፣ መጨረሻው ላይ ግን በድንገት ጠጣር ይሆናል። በቅልብሱ ግን አውታሩ በተቀለበሱት ጫፎች ላይ ተኝቶ ስለሚጀምር ገና ከመነሻው ይከብዳል፤ እየተሳበ ሲሄድ ጫፎቹ እየተፈቱ እንደ ማንሻ ዘንግ ያግዛሉ። ስለዚህ አጭር ሆኖ የረጅሙን ሥራ ይሠራል። በቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክኮ ለሚያደባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ቅልብስ ደጋን በአሰነዳዱ ላይ ስሕተትን አይታገሥም። የመጀመሪያው ሥራ አውታሩን ማግባት ነው። ብዙ ጀማሪዎች እንደሚያደርጉት ደጋኑን በሁለት እግር መካከል አስገብቶ በጭን ማጠፍ ክንፎቹን ሊያጣምም ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተጣመመ ክንፍም አውታሩን ከጫፉ ላይ እየጣለ ያስቸግራል። የተሻለው ዘዴ በሁለቱ ጫፎች ላይ ረዘም ያለ ማገዣ ገመድ ማጥለቅ፣ ገመዱን በእግር ረግጦ እጀታውን ወደ ላይ በመሳብ ክንፎቹን እኩል ማጠፍና የአውታሩን ቀለበት ወደ ቦታው ማንሸራተት ነው። ከዚያ ደጋኑን በቁመቱ አንጋጦ ማየት ይገባል። አውታሩ ሁለቱንም ክንፎች እኩል ለሁለት ከፍሎ ካላለፈ ደጋኑ ተጣሟል፤ ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው በእጀታውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት ነው። የጥንት ቀስተኞች በብዙ አገር ይህን የሚለኩት በገዛ እጃቸው ነበር፤ የተጨበጠ እጅ በእጀታው ላይ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ የቆመው አውራ ጣት አውታሩን ሲነካ ለቀጥተኛ ደጋን ልኩ ደርሷል ይላሉ፤ ይኸውም ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅልብሱ ከዚያ ከፍ ይላል፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ላለው ከ19 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ይለካል። ልኩን የሚቆጣጠሩት አውታሩን በማክረር ነው። አውታር ሲከር ያጥራል፤ ሲያጥር ርቀቱ ይጨምራል። ርቀቱ ካነሰ አውታሩ ክንፎቹን እየመታ ይጮኻል፤ ከበዛም የመሳቢያው ርዝመት ስለሚቀንስ ፍላጻው ኃይል ያጣል። ትክክለኛውን ነጥብ የሚያገኘው ጆሮ ነው። ማሲንቆ የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ደጋን ሲስማማ ድምፁ ዝቅ፣ ድፍን ይላል።

ሦስተኛው ፍላጻው በአውታሩ ላይ የሚቀመጥበትን ነጥብ መወሰን ነው። ከፍላጻው መደገፊያ ጋር ልክ በማዕዘን ከሚገናኘው ቦታ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በክር ቋጠሮ ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው። ነጥቡ ከወረደ ፍላጻው ሲወጣ ጭራው እጀታውን ይነካና ይዋልላል። ፍላጻው ራሱም ከደጋኑ ጋር መስማማት አለበት። ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ እባብ ተጣጥፎ እጀታውን ይዞርና ኋላ ይቃናል። ዘንጉ ለደጋኑ ጉልበት ከሚገባው በላይ ከጠነከረ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ይወጣል፤ ከሚገባው በላይ ከላላም ወደ ቀኝ። ላባዎቹም ከአንድ ወገን ክንፍ የተነቀሉ መሆን ይገባቸዋል፤ የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ተቀላቅሎ የታሰረበት ፍላጻ በአየር ላይ መሽከርከሩ አንድ ወጥ አይሆንም።

እስከዚህ ያለው ለጦርም ለጨዋታም ያው ነው። ለአደን የሚሰናዳው ደጋን የሚለየው በዝምታው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል የሚበር ፍላጻ 20 ሜትር ርቃ የቆመች ሚዳቋ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ አራት ዐሥረኛውን ይፈጃል። የአውታሩ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ቀድሞ ይደርሳል። እንስሳዋ ድምፁን ሰምታ ለመዝለል ጊዜ አላት። ስለዚህ አዳኙ በአውታሩ ላይ የጠጉር ወይም የሱፍ ጉንጉን ያስራል፤ አውታሩ የተቀለበሱትን ጫፎች በሚመታበት ቦታ ለስላሳ ቆዳ ይለብጣል፤ ፍላጻውንም ከበድ አድርጎ ይመርጣል፤ ከባድ ፍላጻ ከደጋኑ ጉልበት የበለጠውን ይዞ ስለሚሄድ ለጩኸት የሚተርፈው ያንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ርቀቱን ያሳጥራል። የቀስት አደን በመሠረቱ የመቅረብ ጥበብ ነው። አደኑም ሲያበቃ አውታሩ ይወርዳል፤ ሌሊቱን ተገትሮ ያደረ የእንጨት ደጋን ጠዋት የድሮው አይደለም።

ደጋኑ ትንሽ፣ አውሬው ትልቅ ሲሆን ሌላ ረዳት ያስፈልጋል። ይኸውም አማርኛ ምረንዝ፣ ኦሮምኛ ቀራሩ የሚለው ዛፍ ነው። በቦረና ቆላ በአደን ይኖሩ የነበሩት ዋታዎች እንጨቱን ለረጅም ሰዓት አፍልተው እንደ ሬንጅ ጥቁር የሆነ ዝቃጭ ያወጡ ነበር። ዝቃጩ ከብረቱ በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ ይቀባና እንዳይደርቅ፣ የያዘውንም ሰው እንዳይጎዳ በስስ ቆዳ ይጠቀለላል። ሶማሌዎቹ ይህን መርዝ ዋባዮ ይሉታል። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርኖ በ1888 እ.ኤ.አ. ከዚሁ እንጨት ያወጣውን ንጥረ ነገር ዋባይን ብሎ የሰየመው ከዚህ ቃል ተነሥቶ ነው፤ ዋባይንም ልብን የሚያዝ መድኃኒት ሆኖ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። መርዙ በደም ሥር ሲገባ ልብን ያቆማል፤ በአፍ ሲገባ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። አዳኞቹ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ቆርጠው ጥለው የቀረውን ይበሉ የነበረው ይህን በልምድ ስላወቁ ነው። ዛሬ የዱር እንስሳት አደን ያለ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ተከልክሏል። በቅርብ ዓመታትም በመተከል በደረሰው ግጭት ፍላጻ የሰው ሕይወት ማጥፊያ ሆኖ መታየቱ መሣሪያውን በናፍቆት ብቻ እንዳናየው ያስገድደናል።

ደጋን በአዳኞች እጅ ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። በ14ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የሞተው የግብጽ መንግሥት ጸሐፊ አል-ዑመሪ የሐበሻን ሠራዊት መሣሪያ ሲዘረዝር ቀስትና ፍላጻን ከሰይፍና ከጦር ጋር አብሮ ይጠራል። ከሁለት ምእት ዓመት በኋላ ደግሞ ምስክሩ ወደ አዲስ አበባ ደጃፍ ይቀርባል። ከመዲናዋ በስተደቡብ ስሟ ለብዙ ዓመታት ከማረሚያ ቤቱ ስም ጋር ተጣምሮ ሲነሣ የኖረውን ቃሊቲን አልፎ፣ በአቃቂና በዱከም በኩል ወደ ሞጆ የሚወርደው ጎዳና፣ በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወደ ተጋጠሙበት ወደ ሽምብራ ኩሬ አካባቢ ያደርሳል። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ፣ ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ፣ ማያ ስለሚባሉ በመርዘኛ ፍላጻ ስለሚዋጉ ሰዎች ይተርካል። እንግዲህ ቀስተኛ በዚህ ምድር ላይ በነገሥታት ጦርነት መካከል ቆሞ ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ተዘነጋ? የተለመደው መልስ ጠመንጃ መጣና ቀስትን አስጣለው የሚል ነው። መልሱ ቀላል ቢሆንም አይበቃም። ጠመንጃ በ16ኛው ምእት ዓመት ቢገባም እስከ 19ኛው ምእት ዓመት ድረስ ቁጥሩ ጥቂት፣ ባሩዱም ውድ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ጦር አልተጣለም፤ ጠመንጃ በበዛበት በዐድዋ ሜዳ ላይ እንኳ ጦርና ጋሻ ተሰልፈው ነበር። ጠመንጃው ጦርን ሳያስጥል ደጋንን ብቻ መርጦ ሊያስጥል አይችልም።

የውጊያው ስልት ከፊሉን ይገልጥ ይሆናል፤ ጋሻ የያዘ ፈረሰኛ በአንድ እጁ ጦር ሊወረውር ሲችል ደጋን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዋናው ምክንያት ግን በኅብረተሰቡ የማዕረግ ሥርዓት ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። ደጋን የያዙት እነማን ነበሩ? ዋታው በቦረና፣ ገቦዬው በሶማሌ፣ በብሩስ የተገለጠው አዳኝ በምዕራብ ቆላ። ሁሉም ጎረቤቶቻቸው ዝቅ አድርገው ያዩዋቸው፣ ጋብቻ የሚከለከሏቸው ወይም በባሪያ ፈንጋይ የሚታደኑ ሰዎች ነበሩ። ብረት ቀጥቃጩ ጦሩን እየሠራ ቡዳ ተብሎ እንደተናቀ ሁሉ፣ ቀስተኛውም በመሣሪያው ምክንያት ሳይሆን በቦታው ምክንያት ተናቀ፤ ንቀቱም ተመልሶ መሣሪያው ላይ ዐረፈ። ቀስት ከሩቅ ተደብቆ ስለሚገድል ለፉከራ አይመችም የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ ጠመንጃም ከሩቅ ይገድላል፤ ያውም ከቀስት አብልጦ። ሆኖም ጠመንጃ በፉከራው ውስጥ ከነስሙና ከነዓይነቱ ይወደሳል። ልዩነቱ ጠመንጃው የባላባቱና የመኳንንቱ፣ ደጋኑ ግን የአዳኙ መሆኑ ነው። ፉከራ የሚያወድሰው የአገዳደሉን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የገዳዩንም ማዕረግ ነው።

ደጋን በደጋው አገር ከውጊያ ሜዳ ቢወጣም ከቤት አልወጣም። የተፈለቀቀው ጥጥ ባዘቶ የሚሆነው በደጋን ተነድፎ ነው፤ ሴቲቱ ደጋኑን በግራዋ ይዛ አውታሩን በጥጡ ላይ ስታንዘረዝረው ጥጡ እየተፍታታ ይነሣል፤ ከዚያ አመልማሎ ይሆንና ለእንዝርት ይደርሳል። አውታሩ ከላላ ጥጡ ይቋጠራል፤ ስለዚህ እርሷም እንደ አዳኙ ታከርረዋለች፣ በጣቷም መትታ ድምፁን ታዳምጣለች። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚመታበት ዘንግም ስሙ ደጋን ነው። አውታሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ሲሆን፣ እንዳያዳልጥና ድምፅ እንዲያወጣ ዕጣን ይታሽበታል። ከሁሉ ይልቅ የአዳኙን ደጋን የሚመስለው ይህ የአዝማሪው ነው፤ ትንሽ ነው፣ ቅስት ነው፣ ይዞትም የሚዞረው ጥበቡ እየተፈለገ ራሱ ግን በንቀት ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ነው።